የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ይዛችሁ ለተቀመጣችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላን፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይም ሆነ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምታገኙኝ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምታነሡልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ጋሼ፣ የዴስክቶፕ ሶፍትዌር መሥራት ከመጽሐፍ መማር ይቻላል? ደግሞስ እጄ ላይ ያለው መጽሐፍ አሮጌ ነው፤ ይጠቅመኛል?» ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ የምሰጣችሁ ቁርጥራጭ መልስ እኔንም ስላላረካኝ በጽሑፍ አደረግሁት።

ይቻላል። ማሠልጠኛው ሁሉ መሀል ከተማ ለሆነበት፣ የቀኑ ግማሽ መንገድ ላይ ለሚያልቅበት፣ ኢንተርኔቱንም በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ደኅና መጽሐፍ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጨረሱ፣ መልመጃውን አንድም ሳያስቀሩ የሠሩ፣ ሆኖም ሰው የሚገለገልበት አንድ ፕሮግራም መሥራት ያቃታቸው ልጆች አውቃለሁ። ጭንቅላት አልጎደላቸውም። የመጽሐፉን ምሳሌ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ሠርተው አለፉ እንጂ ያንኑ ነገር በሰፈራቸው ሰው መዝገብ ላይ አልሞከሩትም። እኔ የምላችሁ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

«ዴስክቶፕ ጊዜው አልፎበታል» ለሚሏችሁ ብዙ አትጨነቁ። ከአቃቂ እስከ ገላን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብርና ፋርማሲ ነው። መብራት መጣ ማለት ኔትወርክ መጣ ማለት እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ከመጋዘን ዕቃ የሚያስወጣ ሠራተኛ፣ አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀው፣ ገጽ እስኪከፈት ሊያፈጥ አይችልም። እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተጫነ፣ ዳታውን እዚያው የሚያስቀምጥ፣ ፕሪንተሩንና የባርኮድ ማንበቢያውን በቀጥታ የሚያዝ ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው። ዌብና ሞባይል አትማሩ አላልኩም። ግን መጀመሪያ አንድ ኮምፒውተር ላይ በትክክል የሚሠራ ነገር መሥራት የቻለ ሰው ሌላውን ሲማር ይቀለዋል።

ወደ መጽሐፉ ዕድሜ ልምጣ። ቪዥዋል ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ አዲስ ያደረገው ነገር ፎርም ላይ በተን ጎትቶ ማስቀመጥና በተኑ ሲጫን የሚሠራውን ኮድ እዚያው ሥር መጻፍ ነበር። ዴልፋይ በ1995 መጣ፤ ዊንዶውስ ፎርምስ ከመጀመሪያው ዶት ኔት (ከማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያና ማስኬጃ መሠረት) ጋር በ2002፤ ደብሊው ፒ ኤፍ በ2006። ስሙ ተለዋወጠ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ይጠብቃል፣ ተጠቃሚው አንድ ነገር ይነካል፣ ያ መነካት ኢቨንት ሆኖ ይመጣል፣ የእናንተ ኮድ ይመልሳል። ይህን በደንብ የሚያስረዳ መጽሐፍ በአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ መደርደሪያ ላይ አሥር ዓመት ተቀምጦም ዋጋው አይወድቅም። የሚያረጀው ስለ አጫጫን የሚያወራው የመጀመሪያው ምዕራፍና የስክሪን ሥዕሎቹ ናቸው፤ እነሱን ዘላችሁ እለፉ።

ወሰን ግን አለው። የቪዥዋል ቤዚክ 6 መጽሐፍ ብታገኙ ለታሪክ አንብቡት፤ መሥሪያው ከ2008 ጀምሮ ድጋፍ የለውም፣ አዲስ ሰው ጊዜውን አያጥፋበት። ዊንዶውስ ፎርምስ ግን በ2019 ወደ አዲሱ ዶት ኔት ተሻግሮ ዛሬም በሕይወት አለ። እንዲያውም አንድ የማትጠብቁት ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ዳርቻ ብዙ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ነው። ዶት ኔት 8 እዚያ ላይ በይፋ አይደገፍም። የድሮው ዶት ኔት፣ ማለትም ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8፣ ግን ይጫናል፤ እሱን የሚያስተምረው ደግሞ «አሮጌ» የምትሉት መጽሐፍ ነው።

ላፕቶፓችሁ አቅም ካነሰውና ቪዥዋል ስቱዲዮን (የዶት ኔት ፕሮግራም የሚጻፍበትን ከባድ መሥሪያ) መሸከም ካልቻለ ላዛረስ የሚባል ነፃ መሥሪያ አለ፤ ቀላል ነው፣ የሚያስተምረውም ያንኑ ነው። ፓይተን የሚባለው ቋንቋም ከነመስኮት መሥሪያው ከትኪንተር ጋር ይሆናል። ምርጫው ላይ ወር አትፍጁ። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ መሥሪያ። ሦስት መጽሐፍ ጎን ለጎን የከፈተ ልጅ የሦስቱንም ሁለተኛ ምዕራፍ በቃሉ ያውቃል፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን አይቶት አያውቅም።

ስታነቡ ኮዱን በጣታችሁ ጻፉት። ፍላሽ ላይ የተዘጋጀ ፋይል ቢኖር እንኳ ተዉት። ስትጽፉ ነጠላ ሰረዝ ትገድፋላችሁ፣ ኤረር ይመጣል፣ ያን ኤረር ማንበብ ከምዕራፉ ትምህርት እኩል ዋጋ አለው። ብዙዎቻችሁ ቀዩን ጽሑፍ ስታዩ ወዲያው ትዘጉታላችሁ። አትዝጉት። ረጅም ቢሆንም ከላይ ወደ ታች ውረዱና የራሳችሁን ፋይል ስም የያዘውን የመጀመሪያ መስመር ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ነው። መጽሐፉ ስለ ዲበገር (ስለ ስሕተት መፈለጊያው) የሚያወራው በኋላኛው ምዕራፍ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጥሳችሁ እሱን በሁለተኛው ቀን አንብቡ። በቪዥዋል ስቱዲዮ መስመሩ ላይ ቆማችሁ ኤፍ 9 ስትጫኑ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ በኤፍ 10 መስመር በመስመር ትሄዳላችሁ፤ የእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ዋጋ ሲቀየር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ሳያውቅ ዓመት የሠራ ሰው አለ፤ በግምት ይሠራል።

ኮዱን በአንድ ትንፋሽ የሚጽፍላችሁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መኖሩን አውቃለሁ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የራሳችሁን ግምት ወረቀት ላይ ከጻፋችሁ በኋላ «ይህ ኤረር ለምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ደኅና አስረጂ ነው። የምዕራፉን መልመጃ ግን አታሠሩት። መልመጃው እናንተን ለማድከም የተሰጠ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሩ መዝገብ። የቴክኒክ መጽሐፍ ሁሉ ምሳሌው ደንበኛና ትዕዛዝ ነው፦ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ ፖስታ ኮድ፣ ዶላር። በዚያ ፈንታ የሰፈራችሁን ዕድር ውሰዱ። አንድ እሑድ ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊውን ወይም ገንዘብ ያዡን አስፈቅዳችሁ መዝገቡን እንዴት እንደሚይዙት ተመልከቱ። ፎቶ አንሥታችሁ አትውሰዱ፤ የሰው ገንዘብና የሰው ሐዘን ያለበት ነው፣ በፈጠራ ስም ተለማመዱ። ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ የዘገየበት ቅጣት አለ፣ ቀብር ያልተገኘ የሚቀጣው አለ፣ ለሐዘንተኛ የሚከፈል አለ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ እንዳለ የሚጻፍበት ገጽ አለ። ጥቂት ቴብሎች (የዳታ ሰንጠረዦች) ይበቁታል። መጽሐፉ ደንበኛ ባለበት አባል፣ ትዕዛዝ ባለበት መዋጮ እያላችሁ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከተሉት።

የመጀመሪያው ግጭት ስም ላይ ነው። መጽሐፉ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለው፣ ዝርዝሩንም በሱ ይደረድራል። የኛን ሰው በአባቱ ስም ብትደረድሩት ገንዘብ ያዡ ማንንም አያገኝም፤ እሱ የሚፈልገው በራሱ ስም ነው። ባልና ሚስትም በአንድ ስም አይጠሩም፤ ስለዚህ አንድ ቤት መሆናቸውን የሚናገር ሌላ ነገር ቴብሉ ውስጥ ያስፈልጋል። ሦስት ሳጥን አድርጉት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ የቤቱን ቁጥር ለብቻው።

ሁለተኛው ፊደል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛን ፕሮግራም ከሌላው የሚለየው ይህ ነው። ገንዘብ ያዡ «ኃይሉ» ብሎ መዝግቦ በሚቀጥለው ወር «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል። ፕሮግራማችሁ «የለም» ይለዋል። ሰውየው አባሉን ሁለተኛ ጊዜ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ አይገጥምም። ፊደሎቻችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገቡት በ1999 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከነቤተሰቡ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶት ተደርድሯል። ሐ ከሀ በ16 ትርቃለች፣ ሠ ከሰ በ16 ትቀድማለች፣ ፀ ከጸ በ8 ትዘገያለች፣ ዐ ከአ በ48። ስለዚህ ሐን ወደ ሀ ለመመለስ መቀነስ ብቻ ነው። ኀም እንዲሁ፣ በ128። ግን ኃን ስትቀንሱ የምታገኙት ሃን ነው እንጂ ሀን አይደለም፤ ስለዚህ ሃን እና ሀን፣ ኣን እና አን ደግሞ አንድ ማድረግ ይቀራችኋል። በየቤተሰቡ ስምንተኛዋ ላይ ያለችውን ፊደል ለብቻዋ ተመልከቷት፤ በዚህ ቀመር ጭፍን ብላችሁ አትንዷት። ይህን ሁሉ አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ክተቱት። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አስቀምጡ፤ የተስተካከለውን ቅጂ ለፍለጋ ብቻ በሌላ ዓምድ ያዙ። የሰው ስም ፊደል አትቀይሩበት፤ ይቆጣል፣ ልክም ነው።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው «የድሮ ዝርዝር በኮምፒውተር አለ» ብሎ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ፋይል ቢሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቅዱት። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። መጀመሪያ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው ቀን ነው። የመጽሐፉ ቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ያውቃል፤ ጳጉሜንን አያውቃትም። ዶት ኔት ውስጥ የዕብራውያን፣ የፋርስ፣ የታይላንድ አቆጣጠር ተዘጋጅቶ አለ፤ የኛ የለም። ቅር አይበላችሁ፣ መልመጃ ሆነላችሁ። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ በእኛ ቀይሩ። ስሌቱ ከፈረንጁ ይቀላል፦ 12ቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው፣ ጳጉሜን 5 ናት፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ደግሞ 6 ትሆናለች። ፈንክሽኑን ጨርሳችሁ የምትፈትኑት ግን በተራ ቀን አይደለም። 2015 ጳጉሜን 6 ነበራት፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ላይ ዋለ። መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ላይ ነው። ሁለቱንም በትክክል ካወጣ ተስፋ አለው። «ስምንት ዓመት ቀንስ» ብሎ የጨረሰ ፕሮግራም ከጥር በፊት ያጋልጣችኋል።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው። ብርን «ደብል» በሚባለው የቁጥር ዓይነት አትያዙ። ኮምፒውተሩ አንድ አሥረኛን በሁለትዮሽ በትክክል መጻፍ አይችልም፤ 0.1 እና 0.2 ስትደምሩለት የሚሰጣችሁ 0.3 እውነተኛ 0.3 አይደለም። የዕድር መዋጮ ሙሉ ብር ስለሆነ አይታያችሁም፤ ነገ ለሕንፃ መሣሪያ መደብር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስታሰሉ ግን ሳንቲም ይጎድላል፣ ባለ ሱቁም ሳንቲሟን ይጠይቃል። ሲ ሻርፕ በሚባለው የዶት ኔት ቋንቋ ውስጥ «ዴሲማል» አለ። ኤስኪውላይት በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓይነት ስለሌለ ሁሉን በሳንቲም አድርጋችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ።

ኤስኪውላይትን ካነሣሁ፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ የምመክራችሁ እሱን ነው። ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ ነፃ ነው። ከሁሉም በላይ መብራት ሲሄድ አይበታተንም፤ ለውጡ ወይ ሙሉ በሙሉ ይገባል ወይ ጭራሽ አይገባም። መጽሐፉ ስለዚህ ነገር፣ ስለ ትራንዛክሽን፣ ያለው ምዕራፍ አሰልቺ ይመስላል። ትራንስፎርመሩ በሚፈነዳበት ሰፈር የሚኖር ሰው ግን በጥሞና ያነበዋል። መዋጮ መቀበልና ቀሪ ሒሳብ ማስተካከል ሁለት እርምጃ ነው፤ በመካከሉ ኮምፒውተሩ ድርግም ቢል ምን ይሆናል? ሁለቱን አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ፈትኑት፦ ፕሮግራሙ እየመዘገበ ሳለ በታስክ ማኔጀር ግደሉት፣ እንደገና ክፈቱት፣ ሒሳቡን ቁጠሩት።

አንድ ምዕራፍ ደግሞ ወጣት አንባቢ ሁሉ የሚዘለው አለ፤ ስለ ትሬድ (ፕሮግራሙ ሥራውን ስለሚያካሂድባቸው መስመሮች) የሚያወራው። የዴስክቶፕ ፕሮግራም ስክሪን አንድ አስተናጋጅ ብቻ እንዳለው ሻይ ቤት ነው፤ አስተናጋጁን ወፍጮ ቤት ከላካችሁት እስኪመለስ ማንም አይታዘዝም። የዓመቱን ሪፖርት የሚያወጣውን ረጅም ሥራ በተኑ ሥር በቀጥታ ከጻፋችሁት ስክሪኑ ይደርቃል። ዊንዶውስ አምስት ሰከንድ ያህል መልስ ያጣበትን መስኮት ያደበዝዘዋል፣ አናቱ ላይም ምላሽ እየሰጠ አይደለም ብሎ ይጽፍበታል። ገንዘብ ያዡ ይህን ሲያይ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፦ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ይነቅለዋል። ከ2012 ወዲህ ሲ ሻርፕ ለዚህ፣ ስክሪኑ ሳይደርቅ ረጅሙን ሥራ ለማስኬድ፣ «ኤሲንክ» እና «አዌይት» አለው፤ የቆየ መጽሐፍ ከያዛችሁ «ባክግራውንድ ወርከር» የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱም ይሠራል። ከሁለቱ አንዱን በደንብ ተማሩ።

የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስለ መጫን የሚያወራው፣ ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ዋነኛው ነው። የእናንተ ላፕቶፕ ላይ የሠራ ነገር ሱቁ ውስጥ አልከፈት ይላል፦ ዶት ኔቱ አልተጫነም፣ ወይም ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው፣ ወይም አንቲቫይረሱ ጠርጥሮ አጥፍቶታል፣ ወይም ዳታቤዙን ያስቀመጣችሁት ተራ ተጠቃሚ መጻፍ የማይፈቀድለት ፎልደር ውስጥ ነው። ይህን ቤት ተቀምጦ መማር አይቻልም። ሰፈር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ለምናችሁ እዚያ ላይ ጫኑት፤ ከዚያ እናንተ አይጡን አትንኩ፣ እሱ ሲሠራ ከጎኑ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የት እንደሚደናገር ስታዩ መጽሐፉ ስለ ፎርም አቀማመጥ የጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በተኑ የት መሆን እንዳለበት ከእሱ እጅ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ዕድሩ ሲቀበለው ደግሞ የወረቀቱን መዝገብ በአንዴ አታስጥሏቸው። ጥቂት ወር ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ በየወሩ መጨረሻ ድምሩ ይመሳከር። ዳታቤዙ አንድ ፋይል ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ቅጂውን ፍላሽ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ ፍላሹን የሚይዘው ከገንዘብ ያዡ ሌላ ሰው ይሁን፣ ይህንንም ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ያስፍረው። ክፍያን በተመለከተ በነፃ አትስጡ። ጥቂትም ቢሆን ተከፍሎበት የተሠራ ነገር ሲበላሽ ይጠሯችኋል፤ በነፃ የተሰጠ ሲበላሽ ዝም ብለው ይተዉታል፣ እናንተም ምን እንደተበላሸ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ሁለተኛ መጽሐፍ ስትፈልጉ ሌላ የፎርምና የበተን መጽሐፍ አትግዙ፤ የዳታቤዝ ግዙ። ዕድሩ ወይም ሱቁ ሁለተኛ ኮምፒውተር የገዛ ዕለት ሁለቱም በአንድ መዝገብ እንዲሠሩ ይጠይቋችኋል። የኤስኪውላይቱን ፋይል የጋራ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ያምራችኋል፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያንን አይመክሩም፣ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስን፣ የምትማሩት ያን ጊዜ ነው። የስም፣ የፊደልና የቀን ፈንክሽኖቻችሁን መጀመሪያውኑ ከፎርሙ ለይታችሁ በራሳቸው ፋይል ከጻፋችኋቸው፣ ሳትነኩ ወደ አዲሱ ትወስዷቸዋላችሁ።